ብቻ መሆን መቼ ነው ዒባዳ የሚሆነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በየሴሚስተሩ አንድ ወሬ እንሰማለን። ዶርሙን ለቆ ጎሮ አካባቢ ትንሽ ክፍል የተከራየ ወንድም አለ። ለምን ሲባል «ግቢው ፊትና በዛበት፤ ለብቻዬ ሆኜ ዲኔን ልያዝ» ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ለጁሙዓ ይመጣል። ከዚያ ሐላቃው ይቀርበታል። ቆይቶ መልእክት ሲላክለትም አይመልስም። አንዱ «ሷሊሕ ሆነ» ይላል፣ ሌላው «ጠፋ» ይላል፤ ሁለቱም ሳይጠይቁት ነው የፈረዱት። ስለዚህ ዛሬ የምንማረው ስለ ኸልዋና ስለ ጀመዓ ነው። ለብቻ መሆን በዲናችን ቦታ አለው ወይ? ካለውስ እስከ የት ድረስ?

ቦታ አለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወሕይ ሳይወርድላቸው በፊት በሒራእ ዋሻ ብቻቸውን ሌሊቶችን በዒባዳ ያሳልፉ ነበር። ሐዲሱን ረጋ ብሎ ላነበበው ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፦ ስንቅ ይዘው ይወጣሉ፣ ስንቁ ሲያልቅ ወደ ኸዲጃ (ረ.ዐ) ይመለሳሉ። ወሕይ ከመጣ በኋላ ያሉት ዓመታት ደግሞ በሰው መሃል ያለፉ ናቸው፤ በመስጂድ፣ በገበያ፣ በጉዞ። ለብቻ መሆኑ አልቀረም፣ ቦታውን ቀየረ እንጂ። የረመዷንን የመጨረሻ 10 ቀናት ኢዕቲካፍ ይገቡ ነበር፤ በመጨረሻው ዓመታቸው 20 ቀን ገቡ። ኢዕቲካፉ የሚደረገው ሰው በቀን አምስት ጊዜ በሚሰበሰብበት መስጂድ ውስጥ ነው። ሶፍያ (ረ.ዐ) ልትጠይቃቸው ትመጣለች፤ ተጫውተው ስትነሳ ሊሸኟት አብረዋት ይነሳሉ። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ክፍሏ ውስጥ ሆና፣ እሳቸው ራሳቸውን ወደ እሷ አዘንብለው፣ ፀጉራቸውን ታበጥርላቸዋለች። እንግዲህ ትልቁ የኸልዋ ምሳሌያችን ጠያቂ የሚገባበት ኸልዋ ነው።

እኛ ተማሪዎች ስለሆንን የኢማም አልገዛሊ ታሪክ ይበልጥ ይቀርበናል። በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ መምህር ነበሩ፤ በዘመኑ ትልቅ ከሚባሉት ወንበሮች አንዱ ነው። በ488 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1095) ተማሪ ፊት ተቀምጠው ቃል ማውጣት አቃታቸው፤ ምግብም አልወርድ አላቸው። ኒያቸውን ሲመረምሩ የሚያስተምሩት ለዝናና ለክብር ሆኖ እንዳገኙት ራሳቸው ጽፈዋል። ወንበሩን ትተው ወጡ። ደማስቆ ላይ በትልቁ መስጂድ ሚናራ ላይ ወጥተው በሩን በራሳቸው ላይ ዘግተው ይውሉ ነበር፤ ቀጥለውም ወደ በይተል መቅዲስ ሄዱ።

ታሪኩን እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው «እኔም ትምህርቱን ልተወው» ሊል ይችላል። ነገር ግን ኢማሙ የወጡት ዓሊም ሆነው ነው። «ኢሕያእ» በተባለው ኪታባቸው ስለ ዑዝላ በጻፉት ክፍል ከሰው ተለይቶ የመኖርን 6 ጥቅሞች፣ ከሰው ጋር የመኖርን ደግሞ 7 ጥቅሞች ይዘረዝራሉ፤ ከሰባቱ ቀዳሚው መማርና ማስተማር ነው። ግዴታ የሆነበትን ዕውቀት ገና ያልተማረ ሰው ቢገለል ጉዳቱ በእሳቸው ሚዛን ትልቅ ነው። ደግሞም ተመልሰዋል። በ499 ሂጅራ ኒሻቡር ላይ እንደገና አስተማሩ፤ በመጨረሻም በአገራቸው በጡስ ቤታቸው አጠገብ መድረሳ ከፍተው ከተማሪ ጋር ኖሩ። ሥራው ያው የማስተማር ሥራ ነው፤ የተቀየረው ኒያው ነው።

ከወሎ የመጣችሁ ይህን ከአያቶቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። ጃማ ንጉሥ፣ ጌታ፣ ዳና፣ ሾንኬ ኸልዋም ደርስም አብረው የኖሩባቸው ቦታዎች ናቸው። በተለይ ሾንኬን አስቡ። ተራራ ጫፍ ላይ፣ ድንጋይ በድንጋይ የሆነች የአርጎባ መንደር ናት። ከታች ቀና ብሎ ያያት ሰው ከዓለም የሸሹ ሰዎች የመሸጉባት ይመስለዋል። ነገር ግን እነ ሸኽ ጀውሐር ያስተማሩባት፣ ደረሳ ኪታቡን ታቅፎ ያን ዳገት የወጣባት ናት።

እርግጥ፣ መሸሽ ራሱ ግዴታ የሆነበት ጊዜም ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ሲታዘዝ ከፊሉ ተሰደደ፣ ከፊሉ ከሸኽ ጦልሐ ጋር ሆኖ ተዋጋ፣ ከፊሉም ቀን ክርስቲያን መስሎ ውሎ ሌሊት ተደብቆ ሰገደ። ሙእሚን ዲኑን ይዞ፣ በጎቹን ነድቶ ወደ ተራራ ጫፍ ስለሚሸሽበት ዘመን የሚናገረው ሐዲስ ለእንዲህ ያለ ቀን ነው። የዶርም ጫጫታና የካፌ ሙዚቃ ቦሩ ሜዳ አይደለም። እነዚያ ሰዎች ሶፍ ተነጥቀው ነው ብቻቸውን የሰገዱት።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ወደ ሄደው ወንድም ያዘነበለ ይመስላል። አሁን ወደ ራሳችን እንዙር።

ሙዓዝ ኢብኑ ጀበል (ረ.ዐ) ሕዝባቸውን ሲያሰግዱ ሱረቱል በቀራን ጀመሩ። ቀኑን ሙሉ በግመል ውሃ ሲያጠጣ የዋለ አንድ ሰው ከኋላ ቆሟል። ሲረዝምበት ከጀመዓው ወጥቶ ለብቻው ሰገደና ሄደ። ወሬው ሲደርስ ሙዓዝ «ሙናፊቅ ነው» አሉ። ሰውዬው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሄዶ ነገሩን ተናገረ። የተቆጡት ሙዓዝን ነው፤ ሰውን ፊትና ላይ ትጥላለህን ብለው ደጋግመው ገሠጿቸው፤ አጠር ያሉ ሱራዎችን እንዲያነቡም በስም ቆጠሩላቸው። ሙዓዝ ሐላልና ሐራምን በማወቅ የሚታወቁ ታላቅ ሰሓባ ናቸው። ከጀመዓ የወጣው ደግሞ ስሙ እንኳ በብዙው ዘገባ ያልተጠቀሰ ደክሞት የመጣ ሠራተኛ ነው።

ከእኛ ሐላቃ የቀረው ወንድም ለምን ቀረ? ፕሮግራሙ ሁለት ሰዓት ስለሚፈጅና ማታ ወደ ጎሮ ታክሲ ስለሚጠፋ ሊሆን ይችላል። በአለባበሱ ተቀልዶበትም ይሆናል። ወይም አንዱ ቡድን ሌላውን ሲያማ ሰምቶ ከሐሜት ሸሽቶ ነው፤ ይህ ከሆነ ደግሞ ከእኛ ይልቅ እሱ ትክክል ነው። ከሰው ጋር ኖሮ ጉዳታቸውን የሚታገሥ ሙእሚን ከማይኖረው እንደሚበልጥ በሐዲስ መጥቷል። ያ ግን የተጎጂው ምንዳ ነው፤ ለጎጂው ፈቃድ አይሆንም።

ለተከራየው ወንድምም ሁለት ቃል አለን። ፀጥ ያለ ክፍል ለሙራጀዓም ለጥናትም ጥሩ ነው፣ ማንም አይነቅፍህም። ጀመዓ ማለት የግቢው ጀመዓ ብቻ ነው ያለህም የለም፤ የሰፈርህ መስጂድ ሱብሒ ላይ ከባለ ሱቁና ከሽማግሌዎቹ ጋር ስትቆም 27 እጥፉ እዚያም አለ። በር ዘግተህ ከስልክህ ጋር የምታነጋ ከሆነ ግን ለብቻህ አይደለህም፤ ሺህ ሰው ክፍልህ ውስጥ ነው። ሁለት ቀን ብትታመም ማን ያውቃል? ይህን ጥያቄ ዛሬውኑ መልስ ፈልግለት።

እህቶች ለሶላት መስጂድ መገኘት ግዴታ የለባቸውም፤ ለእነሱ ጀመዓው በአብዛኛው ሐላቃው ነው። ተከራይታ ለምትኖር እህት ሐላቃው መቅረቱ ከወንዱ የበለጠ የሚያጎድልባት ለዚህ ነው።

የጀመዓው ኃላፊዎች ደግሞ በተቃራኒው ታማችኋል። ሹራ፣ ደዕዋ፣ ኢፍጣር፣ ቴሌግራም፣ እንደገና ሹራ። ብቻችሁን ሱጁድ ላይ የቆያችሁት መቼ ነው? ከአላህ ጥላ ሥር ከሚሆኑት ሰባት ሰዎች መካከል ልቡ በመስጂድ የተንጠለጠለው አለ፤ ብቻውን ሆኖ አላህን አውስቶ ዓይኑ ያነባውም አለ። ሁለቱም በአንድ ሐዲስ ውስጥ ናቸው።

በዚህ ሳምንት ጎሮ ያለውን ወንድም የሚጠይቅ ሁለት ሰው ይበቃል፤ አሥር ሆኖ መሄድ ከበባ ነው። ለምን እንደቀረ አትመርምሩት። ዳቦና ሻይ ያዙ፣ መግሪብን ከእሱ ጋር ሰፈሩ መስጂድ ስገዱ፣ የሚናገረው ካለ ስሙት። ስለ ሐላቃው ርዝመት ከተናገረ ለሹራው አቅርቡ።

ወላሁ አዕለም።