ልጅዎ 9ኛ ክፍል ሲገባ፦ ከመወሰንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

የ2014 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። መሻሻል አለ፤ ግን አሁንም ከአሥር ተፈታኝ አንዱ እንኳ በቅጡ አያልፍም። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ኩረጃው ሲጠብብ የተገለጠው እውነት ይህ ነው። አዲስ አበባ፣ ለገሃር አካባቢ ለ9ኛ ክፍል የሚያስመዘግብ ወላጅ ግን አብዝቶ የሚጠይቀው ስለ ክፍያና ስለ ዩኒፎርም ነው።

ትምህርት ቤቱ ስንት ተማሪ አስፈትኖ ስንቱን አሳለፈ?

በሩ ላይ የተሰቀለው ባነር የአንዲት ጎበዝ ተማሪ ፎቶ ነው የሚያሳይዎ። ርዕሰ መምህሩን የሚጠይቁት ስለ እሷ ሳይሆን ስለ ሌሎቹ ይሁን፦ ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት ተማሪ ተፈተነ? ስንቱ ግማሹን አመጣ? በ2015ም በ2016ም ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ እንዳላሳለፉ ትምህርት ሚኒስቴር በይፋ ተናግሯል። በእነዚያ ትምህርት ቤቶችም ካርድ ላይ 90 እና 95 ይጻፍ እንደነበር አልጠራጠርም። የክፍል አማካይ ከብሔራዊ ውጤት ጋር ሲራራቅ ነጥቡ የተሰጠው ለወላጅ ደስታ ነው። ጥያቄዎን ሸሽቶ ላብራቶሪውን የሚያስጎበኝዎ ካለ፣ መልሱን አግኝተዋል።

አራቱን ዓመት እዚሁ ትኖራላችሁ?

ይህ ጥያቄ ሌላ ከተማ ላይ ባልተነሳ ነበር። ለገሃር ግን የግዙፍ ግንባታ ሰፈር ነው፤ ብዙ የካዛንቺስ ነዋሪዎችም ለግንባታ ሲባል በ2017 መጀመሪያ፣ ልጆች ገና ትምህርት በጀመሩበት ሰሞን፣ ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውረዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ወይ በዓመቱ መካከል ዝውውር፣ ወይ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ ታክሲ ሰልፍ። ሁለቱም ጥናት ይበላል። ቤታችሁ ሊነሳ ይችላል የሚል ጭምጭምታ ካለ ቀላል ባቡሩ የሚያልፍበትን ወይም አንድ ታክሲ የሚያደርስበትን ትምህርት ቤት ይምረጡ። ቅርብ ነው ብላችሁ የመረጣችሁት በአንድ ክረምት ሩቅ ሊሆን ይችላል።

ጉድለቱ ከየትኛው ክፍል ይጀምራል?

አስጠኚ ከመቅጠርዎ በፊት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ አውጥተው ልጁን ጥቂት ጥያቄ ያሠሩት። የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ያቃተው ብዙ ልጅ በእርግጥ ያቃተው ክፍልፋይ ነው። ይህን ሳያጣሩ የሚከፈል የማስጠኛ ገንዘብ የቤት ሥራ ከማሠራት አያልፍም። ሌላው እንግሊዝኛ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነውና፣ ጥያቄውን አንብቦ ያልተረዳ ልጅ መልሱን ቢያውቅም ዋጋ የለውም። አፕቲትዩድ የሚባለው ፈተና ደግሞ የራሱ መማሪያ መጽሐፍ የለውም፤ በአራት ዓመት ንባብ የሚገኝ ነው። ለዚህ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ለልጁ የቅዳሜ መዋያ ቢሆን እመርጣለሁ።

ናቹራል ወይስ ሶሻል?

ምርጫው የሚመጣው 11ኛ ክፍል ሲገባ ቢሆንም፣ ብዙ ቤት ውስጥ ገና በ9ኛ "ዶክተር ነው የምትሆነው" ተብሎ ተወስኗል። ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና አፕቲትዩድ ለሁለቱም አሉ፤ የሚለያዩት በቀሩት ሦስት ትምህርቶች ነው። ፊዚክስ የሚያስለቅሰውን ልጅ ናቹራል ማስገባት ከ600 ውስጥ ለማለፍ የሚያስፈልገውን 300 ማራቅ ነው። በሌላ በኩል ሒሳብ ሽሽት ሶሻል የሚገባም እዚያው ሒሳብን ያገኘዋል።

12ኛን ማለፍ ብቻ ይበቃል?

ሁልጊዜ አይበቃም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲሁ የየራሳቸው መመዘኛ አላቸው። ከግማሽ በታች ላመጡ፣ ሚኒስቴሩ የቆረጠውን ነጥብ ካሟሉ፣ ሪሜዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት አለ፤ በእሱ ተማምኖ መዘናጋት ግን አያዋጣም። ከለገሃር ባቡር ጣቢያ በሁለተኛው ፌርማታ የሚገኘው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ፣ ተግባረ ዕድ፣ ደግሞ የወደቁ ልጆች ማረፊያ ተደርጎ መታየቱ ያናድደኛል። እጁ የሚሠራ ልጅ ካለዎ አሁኑኑ፣ በ9ኛ ክፍሉ፣ ግቢውን ያሳዩት።

ውጭ አገር ታስባላችሁ?

እንግዲያው የ9ኛ ክፍል ነጥብ ትልቅ ዋጋ አለው። እዚህ አገር ምደባው በ12ኛው ፈተና ላይ ይመሠረታል፤ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግን የአራቱንም ዓመት ትራንስክሪፕት ይጠይቃሉ። ነፃ ምክር የሚሰጠው ኤጁኬሽን ዩኤስኤ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ስላለ ለደላላ ገንዘብ አይክፈሉ።

አንድ የቀረ ነገር፦ የልጁ ስም፣ የአባቱና የአያቱ ስም በልደት ካርዱ፣ በ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬቱና በፋይዳ መታወቂያው ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ፊደል በፊደል አንድ ዓይነት መሆኑን ይመልከቱ። ልዩነት ካለ የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ እስኪደርስ አይጠብቁ፤ ያኔ ልጁ ማጥናት ሲገባው ወረዳ ለወረዳ ይሮጣል።