አቤቱታው በማን እጅ ያልፋል? በዩኒቨርሲቲ ግቢ ወሲባዊ ጥቃትን ማሳወቅ፣ የምስጢር ጥበቃና ድጋፍ

መግቢያ

አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዋ ወሲባዊ ጥያቄ ቢያቀርብላት፣ እምቢ ባለች ጊዜም የላከችለትን ምዕራፍ ሳያነብ ሳምንታት ቢያስቆጥር፣ ለማን ትናገራለች? የተለመደው መልስ «ለሚመለከተው አካል» የሚል ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ መልሱ በቂ አለመሆኑን ለማሳየት ይሞክራል። ተማሪዋ አፏን ከመክፈቷ በፊት ማወቅ የሚገባት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የምትነግረው ሰው የሰማውን በምስጢር የመያዝ ግዴታ ያለበት ነው ወይስ እርምጃ የመውሰድ ኃላፊነት ያለበት የሚለው ነው። ሁለቱ ሲደበላለቁ ምስጢሩም ፍትሑም ይጎዳሉ። የሚጠቀሱት የወንጀል ድንጋጌዎች ተጎጂዋን ሴት አድርገው የተቀረጹ በመሆናቸው፣ ትኩረታችን በሴት ተማሪዎች ላይ ይሆናል።

1. ሕጉ ውሳኔውን ለማን ሰጠ?

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሁለት መንገዶችን ይከተላል። በአንቀጽ 620 መሠረት አስገድዶ መድፈር በመነሻው ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። አንቀጽ 625 ደግሞ የሴትን ችግር ወይም ጥገኝነት መጠቀሚያ በማድረግ፣ ወይም በመምህርነት፣ በአሠሪነትና በመሳሰለው ግንኙነት በተገኘ ሥልጣን የሚፈጸመውን ወሲባዊ ድርጊት ይመለከታል። ቅጣቱ ቀላል እስራት ሲሆን፣ የሚያስቀጣውም የግል አቤቱታ ሲቀርብ ነው።

ይህ የመጨረሻው ሐረግ ለዩኒቨርሲቲዎች ትልቅ ትርጉም አለው። በመምህርና በተማሪ መካከል የሚፈጸመው በደል በዚህ አንቀጽ ሥር ሲወድቅ፣ ሕጉ የክሱን ቁልፍ ያስጨበጠው ለተጎጂዋ ነው። ወሬው እሷ ሳትወስን በግቢው ከተሰራጨ፣ ሕግ የሰጣትን ምርጫ ሌሎች ነጠቋት ማለት ነው። አንቀጹ የሚናገረው ስለተፈጸመ ድርጊት እንጂ እምቢታ ስለገጠመው ጥያቄ ባለመሆኑ፣ በመግቢያው ያነሣነው ዓይነት ጉዳይ በአብዛኛው የሚወድቀው በተቋሙ የዲሲፕሊን ደንብ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ቢከለክልም፣ ተማሪ በተማሪነቷ ሠራተኛ አይደለችም። ስለዚህ የተቋሙ ደንብ ጥራት ወሳኝ ይሆናል።

ወንጀልን የማሳወቅ ግዴታም ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ሰፍቶ ይተረጎማል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443 ማንኛውም ሰው እንዲያሳውቅ የሚያስገድደው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቅ ነው። አስገድዶ መድፈር ከባድ ጉዳት ወይም ሞት አስከትሎ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ሲደርስ ግዴታው ሊነሣ ይችላል። ከዚያ ውጪ ግን «ሕግ ያስገድደኛል» በሚል ሰበብ የተማሪዋን ታሪክ ያለፈቃዷ ማስተላለፍ በዚህ አንቀጽ አይደገፍም።

2. ሦስት የተለያዩ ጥበቃዎች

«ምስጢር ይጠበቅልሻል» የሚለው ቃል ሦስት ነገሮችን በአንድነት ያዝላል። የመጀመሪያው የሙያ ምስጢር ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ሐኪምን፣ ነርስን፣ ጠበቃንና የሃይማኖት አባትን የመሳሰሉ ሰዎች በሙያቸው ያወቁትን ምስጢር እንዳይገልጹ ይከለክላል። ሁለተኛው የአሠራር ጥንቃቄ ነው፤ የሥርዓተ ጾታ ጽሕፈት ቤት ወይም የዲሲፕሊን ኮሚቴ ጉዳዩን ሥራቸው ለሚጠይቃቸው ሰዎች ብቻ ያካፍላል፤ ሆኖም ያካፍላል። ሦስተኛው ስም የለሽ ጥቆማ ነው፤ ማንነትን ይሸሽጋል፣ ነገር ግን ተጨማሪ ማስረጃ ለመጠየቅና ድጋፍ ለመስጠት ያስቸግራል።

የዶርም ፕሮክተር፣ የክፍል ተጠሪ ወይም የትምህርት ክፍል ኃላፊ የመጀመሪያውን ዓይነት ቃል መግባት አይችሉም። ቅንነታቸው ምንም ያህል ቢሆን፣ «ለማንም አልናገርም» ከማለታቸው በፊት ሊጠብቁት የሚችሉትንና የማይችሉትን ለይተው መናገር ይገባቸዋል።

3. ምስጢር የሚባክንበት በር

ምስጢር በክፉ ልብ ብቻ አይወጣም፤ በተለመደው የደብዳቤ አሠራርም ይወጣል። አቤቱታ በመዝገብ ቤት ገቢ ይሆናል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በተላላኪ እጅ ይዞራል። መልሱም ግርጌው ላይ «ግልባጭ» ከሚለው ቃል በታች የትምህርት ክፍሉን፣ የኮሌጁን ዲንና የሬጅስትራሩን ስም ደርድሮ ይወጣል። ተከሳሹ መምህር የሚሠራበት ትምህርት ክፍል ግልባጭ ሲደርሰው፣ ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ጉዳዩ ተሰምቷል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የታሸገ ፖስታ፣ በስም ፈንታ የመዝገብ ቁጥር፣ አንድ ተጠሪ ባለሙያ፣ ግልባጭ የሌለው ደብዳቤና የተቆለፈ ሣጥን ይበቃሉ። አማካሪ ሲቀየርም ደብዳቤው ለውጡን ብቻ ይግለጽ፤ ምክንያቱ በተዘጋው መዝገብ ይቀመጥ።

4. ድጋፍ ክስን አይጠብቅም

አስገድዶ መድፈር ሲያጋጥም ሰዓት ይቆጠራል። ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እስከ 120 ሰዓት ድረስ መወሰድ አለበት፤ ሁለቱም በፈጠኑ ቁጥር ይሻላል። እርግዝና ቢከተል፣ በአንቀጽ 552 መሠረት እርግዝናው ከመደፈር የመጣ መሆኑን ለማስረዳት የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ ነው፤ የፖሊስ ወረቀት አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንዳለው ያለ የአንድ መስኮት ማዕከል ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍንና የፍትሕ አገልግሎትን በአንድ ጣሪያ ሥር በማቅረቡ፣ ተጎጂዋ ታሪኳን በየቢሮው ከመደጋገም ያድናታል።

ትምህርታዊ ድጋፍም እንዲሁ ነው። በአሜሪካ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ደንብ፣ መደበኛ አቤቱታ ባይቀርብም ኮሌጆች የክፍል ወይም የመኖሪያ ለውጥን፣ የጊዜ ማራዘሚያንና ምክርን የመሳሰሉ ድጋፎችን እንዲያቀርቡ ያዛል። ለእኛም የሚጠቅመው ቁም ነገር ይኸው ነው፤ እገዛን ከክስ መነጠል። አማካሪ ለመቀየር መክሰስ የግድ ከሆነ፣ ብዙዎች ዝም ብለው ትምህርታቸውን ያቋርጣሉ።

5. የተከሳሹ መብት

መደበኛ አቤቱታ ከቀረበ በኋላ ፍጹም ምስጢር ሊኖር አይችልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከትና ምስክሮችን የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴም ከዚህ መንፈስ ሊርቅ አይገባም። ያው አንቀጽ የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት ለመጠበቅ ሲባል ችሎት በዝግ ሊታይ እንደሚችል ይፈቅዳል። እንግዲህ ተከሳሹ ማወቁ ፍትሕ ነው፤ ግቢው ሁሉ ማወቁ ግን ፍትሕ አይደለም።

ማጠቃለያ

ዩኒቨርሲቲዎች ደንባቸውን ሲከልሱ ሦስት ነገሮችን ቢለዩ ይበጃል፦ ምስጢር ጠባቂውን ከእርምጃ ወሳጁ፣ ድጋፉን ከክሱ፣ ለተከሳሹ የሚደርሰውን መረጃ ለግቢው ከሚደርሰው። ለተመራማሪዎችም ክፍት የሆነ የጥናት መስክ አለ፤ አንድን አቤቱታ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ እስከ ውሳኔው በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ መቁጠር። የዚያ ቁጥር ማነስ ወይም መብዛት፣ በደንቡ ላይ «ምስጢር ይጠበቃል» ተብሎ ከተጻፈው ቃል ይልቅ እውነቱን ይናገራል።