የመንገድ ወጪያችንን ማን ይመልስልናል?

ዓርብ ዕለት አዛይባ ስንገናኝ አንዲት እኅታችን፣ «ለሥራ ወጥተሽ የከፈልሽውን ታክሲ ከግብር አስመልስልሻለሁ፤ 10 ሪያል ስጪኝ» የሚል ሰው እንዳጋጠማት ነገረችን። እንዳትሰጪ አልናት።

ኦማን ከደመወዛችን ግብር አትወስድም። በ2025 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የታወጀው የገቢ ግብር የሚጀምረው በጥር 2028 ነው፤ 5 በመቶ ሆኖ የሚከፈለውም በዓመት ከ42,000 ሪያል በላይ ካለው ገቢ ላይ ብቻ ነው። እንኳን እኛ፣ ብዙዎቹ ማዳሞቻችንም እዚያ አይደርሱም! ያልተከፈለ ግብር ደግሞ አይመለስም።

ማዳም ለቤቷ ጉዳይ ስትልከን የታክሲውን ከመውጣታችን በፊት እንጠይቅ፤ ከተመለስን በኋላ ጭቅጭቅ ነው። ከኪሳችን ከከፈልንም ቀኑን፣ የሄድንበትንና ሒሳቡን በደብተር እንጻፍ። የዓርብ መንገዳችን ግን የራሳችን ነው።

ከባዱ የአውሮፕላኑ ትኬት ነው። «ትኬትሽን ከፍዬ አመጣሁሽ» ተብሎ የሦስት ወር ደመወዝ የሚቆረጥባት አለች። የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ግን የመግቢያ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱንና የሥራ ፈቃዱን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው ይላል። ፓስፖርትና የጤና ምርመራ የእኛ ነው። በጉብኝት ቪዛ ለመጣች እኅት ነገሩ ይከብዳል፤ በኤጀንሲ በኩል የመጣን ግን ውሉ አለን። ውሉ ሲጣስ ኤጀንሲውም ከአሠሪው ጋር አብሮ ይጠየቃል። ስለዚህ የተቆረጠውን ሪያልና ወሩን ጽፋችሁ፣ የውሉን ቅጂ ለአገር ቤት ቤተሰብ ላኩ፤ ኤጀንሲው በር ላይ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።