በጋሞ ዞን ዳገት የሚሠራ የናፍጣ ፒካፕ የነዳጅ ፓምፑ ስለሚሻሻልበት ሁኔታ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ ርዝመቱ 37 ኪሎ ሜትር ያኽል ነው። ርዝመቱ ይህን ያኽል ብቻ ቢሆንም፣ በአባያ ሐይቅ አጠገብ ካለው ቆላ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ያኽል ከሆነው ስፍራ ተነሥቶ፣ በዶርዜ በኩል አልፎ፣ 2700 ሜትር ወደሚያኽል ደጋ ይደርሳል። መኪናው በአንድ ጧት ከሙዝ አገር ተነሥቶ ከፖም አገር ይገባል ማለት ነው። የጨንቻ ፖም ችግኝ፣ ለገበሬው የሚታደለው ምርጥ ዘር፣ በበረዶ ሣጥን የሚጓዘው የከብት ክትባት፣ በዚህና ይህን በመሰለው ዳገት የሚመላለሰው በአብዛኛው በናፍጣ ፒካፕ ነው። መኪናው በመንገድ ሲቆም የሚጐዳው መኪናው ብቻ አይደለም፤ በረዶው ሲቀልጥ ክትባቱ ኀይሉን ያጣል፤ ሥሩ የተገለጠ ችግኝም በፀሐይ ይጠወልጋል።

ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ነገር እንዲህ ነው። ፒካፑ በቆላው ሜዳ ላይ ያለ አንዳች ችግር ሲሮጥ ይቆይና፣ ዳገቱን አጋምሶ ሳለ ሞተሩ ይደክማል፤ ድምፁም ይቆራረጣል። ጥቂት ቆሞ ካረፈ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። ነጂውም «ፓምፑ ደክሟልና በሌላ ይለወጥ፤ ይህ ባይሆን ነዳጁ ይጨመርለት» ይላል፤ ማመልከቻውም ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይቀርባል። ሹሙ ከመፈረሙ አስቀድሞ ሊለየው የሚገባ ነገር አለ፤ ይኸውም የደከመው ነዳጁን ወደ ሞተሩ የሚረጨው ፓምፕ ነው፣ ወይስ ነዳጁን ከታንክ ወደ ፓምፑ የሚያደርሰው መንገድ ነው የሚለው ነው። የፊተኛው መድኀኒት እጅግ ውድ ነው፤ የኋለኛው ርካሽ ነው። በዳገት ብቻ የሚመጣ፣ ዕረፍት የሚያድነው ድካምም ወደ ኋለኛው ያመለክታል።

የናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር የሚለየው የእሳት ብልጭታ የማይሻ በመሆኑ ነው። አየሩ በሲሊንደሩ ውስጥ በብርቱ ሲታመቅ ይግላል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍጣው ሲረጭ ይነዳል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል ይህን ሞተር አሠርቶ ያስመሰከረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1897 ሲሆን፣ የቦሽ ፋብሪካ ኢንጀክሽን ፓምፕን በብዛት መሥራት የጀመረው በ1927 ነው። ከዚህ በኋላ ናፍጣ ለመኪና የተመቸ ሆነ። እንግዲህ በመኪናው ላይ ሁለት ሥራ አለ። አንደኛው ነዳጁን ከታንክ ስቦ፣ በፊልትሮ አጥርቶ፣ ወደ ፓምፑ ማድረስ ነው፤ ሁለተኛው በጊዜውና በልኩ፣ ከ100 ባር በሚበልጥ ግፊት፣ በኖዝል በኩል ወደ ሲሊንደሩ መርጨት ነው።

ዋን ኤች ዜድ የተባለ ሞተር ያለው የላንድ ክሩዘር ፒካፕና የቀድሞዎቹ የናፍጣ ሃይሉክሶች፣ በታንካቸው ዘንድ ነዳጅ የሚገፋ ሌላ ፓምፕ የላቸውም። ኢንጀክሽን ፓምፑ ራሱ በውስጡ ባለች ትንሽ መሳቢያ ከሩቅ ይስባል። መሳብ ሲባል ግን፣ ነገሩን በትክክል ለተመለከተው፣ ነዳጁን የሚገፋው በታንኩ ላይ የሚጫነው የአየር ግፊት ነው። ይህም ግፊት በባሕር ዳርቻ 1013 ሚሊባር ሲሆን፣ በአርባ ምንጭ ወደ 870፣ በጨንቻ ወደ 730 ሚሊባር ይወርዳል። ስለዚህ በቆላው ሳለ የማይታወቅ ጥቂት የፊልትሮ መደፈን ወይም በጐማው ቱቦ ላይ ያለች የመርፌ ቀዳዳ የምታኽል ስንጥቅ በደጋው ላይ ጉልበቷ ይገለጣል። በዚህ ላይ መኪናው ዳገት ሲወጣ አፍንጫው ወደ ላይ፣ ታንኩ ወደ ታች ይሆናልና ነዳጁ የሚወጣው ከፍታ ይጨምራል፤ ሞተሩም ብዙ ነዳጅ የሚሻው በዚያው ሰዓት ነው። ሦስቱ ነገሮች በአንድነት ሲገናኙ በናፍጣው ውስጥ የነበረው አየር አረፋ ሆኖ ይወጣል፤ ፓምፑም ከነዳጁ ጋር አረፋ ይውጣል። ከዚህ የተነሣ መልካም ፓምፕ እንደ ደካማ ተቈጥሮ ይፈታል።

ይህን ለመመርመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ከፊልትሮው ወደ ፓምፑ በሚሄደው ቱቦ መካከል ናፍጣ የማይበላው፣ ውስጡ የሚታይ አጭር ቱቦ ለጊዜው ይገባል። ሞተሩ ሲሠራ አረፋ ከታየ አየር የሚገባበት ስፍራ አለ ማለት ነው። ሁለተኛው ፈተና ከዚህ ይልቅ የታመነ ነው፤ ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን፣ ከጭስ ማውጫው ርቆ፣ ከሞተሩ ከፍ ባለ ስፍራ በሚገባ ይታሰርና ፓምፑ ነዳጁን ከዚያ እንዲያገኝ፣ የተረፈውም ወደዚያው እንዲመለስ ይደረጋል። መኪናው በዚህ አኳኋን ዳገቱን በደኅና ከወጣ፣ ፓምፑ ንጹሕ ነው፤ በደለኛው ታንኩ፣ ቱቦው ወይም ፊልትሮው ነው። ጧት ጧት ለመነሣት የሚያስቸግር፣ በፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ካልጫኑለት የማይነሣ መኪናም ሌሊት ነዳጁ ወደ ታንክ እየተመለሰ መሆኑን ራሱ ይመሰክራል።

የጐደለው ከተጠገነ በኋላ፣ ዘወትር በዳገት ለሚሠራ መኪና የሚገባው ማሻሻያ በታንኩ አጠገብ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አነስተኛ ግፊት ያለው ፓምፕ መጨመር ነው። ስፍራው ከታንኩ ቀርቦ፣ ከነዳጁ ወለል ዝቅ ብሎ፣ ድንጋይ ከማይመታው ዘንድ ይሁን። በፊቱ ውሃ የሚለይ፣ ከታች ማፍሰሻ ያለው ሻካራ ፊልትሮ ይቁም፤ ደቂቁ ፊልትሮ በቀድሞው ቦታ በኋላ ይቀራል። በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ገፊው ፓምፕ ጠንካራ በሆነ መጠን የሚሻል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ለእንዲህ ያለው ኢንጀክሽን ፓምፕ ከ0.2 እስከ 0.4 ባር የሚያኽል ግፊት ይበቃዋል። ለቤንዚን መኪና የተሠራ፣ 3 ባር የሚገፋ ፓምፕ ቢገጠምበት፣ የነዳጁ የመረጫ ጊዜ የሚታዘዘው በፓምፑ የውስጥ ግፊት ነውና ጊዜው ይዛባል፤ የዘንጉም ጐሚኒ ያፈስሳል። ፓምፑ በችንጋ በሚዞርበት ሞተር ላይ የፈሰሰው ናፍጣ ችንጋውን ያርሳል፤ ችንጋው ሲበጠስ ሞተሩ በሙሉ ይበላሻል።

ኤሌክትሪኩም ከባትሪው በቀጥታ አይሳብ። ፊውዝና ሪሌ ይኑረው፤ የሞተሩ ዘይት ግፊት ሲጠፋም አብሮ እንዲጠፋ ይታሰር፤ መኪናው ቢገለበጥ ነዳጅ መግፋቱን እንዳይቀጥል ነው። ደግሞም ፓምፑ በመንገድ ቢሞት ነዳጁ በጎኑ እንዲያልፍ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ያለው ማለፊያ ቱቦ ይደረግለት። ካምባ ወይም ቦንኬ ወርዶ ለቆመ መኪና መለዋወጫ ቶሎ አይገኝም።

ውሃን በሚመለከት ዋናው ጥፋት ከመኪናው ሳይሆን ከነዳጁ ማስቀመጫ ይነሣል። በግቢ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ በርሜል ዝናብ በራሱ ላይ ይጠራቀማል። ቀን በፀሐይ ሲግል በውስጡ ያለው አየር ይሰፋና በክዳኑ ዙሪያ ይወጣል፤ ሌሊት ሲበርድ ደግሞ ይሰበሰብና በክዳኑ ላይ የተኛውን ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ክዳኑ የጠበቀ ቢመስልም ይህ ይሆናል። ስለዚህ በርሜሉ በጥላ ሥር በጎኑ ይተኛ፤ ሁለቱም ክዳኖች ከነዳጁ ወለል በታች ሆነው በአንድ መስመር ግራና ቀኝ ይዋሉ። ከተነቃነቀ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ሳይረጋ አይቀዳ፤ ሲቀዳም የመጨረሻዋ አራት ጣት የምታኽለው ዝቃጭ ትቅር። የኢንጀክሽን ፓምፑ ክፍሎች የሚገጣጠሙት በሚሊ ሜትር ሺኛ በሚቈጠር ክፍተት ነው፤ ቅባታቸውም ናፍጣው ራሱ ነው፤ ውሃ ግን አያለሰልስም፣ ያዝጋል እንጂ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ነዳጁ ይጨመርለት» የሚለው ጥያቄ ይቀራል። በፓምፑ ላይ የነዳጁን ከፍተኛ ልክ የሚወስን ብሎን አለ፤ ፋብሪካው የሚያትመውም ያለ ምክንያት አይደለም። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ከኀይሉ 10 በመቶ ያኽል ያጣል፤ የሚያጣበትም ምክንያት የአየር ማነስ ነው፣ የነዳጅ ማነስ አይደለም። በጨንቻ አየር ላይ ነዳጅ ቢጨመር የሚጨመረው ጥቁር ጭስና ሙቀት ነው፤ ፒስተኑም በዚሁ ይቃጠላል። እንዲያውም በአንዳንዱ ፓምፕ ላይ በከፍታ ቦታ ነዳጁን በራሱ የሚቀንስ መሣሪያ አለ። እርሱን «ኀይል ይሰርቃል» ብሎ የሚፈታ ሜካኒክ ቢገኝ መኪናው ከእጁ ይወሰድ። ፓምፑ በእውነት አርጅቶ ከሆነ ሚዛኑ የሚስተካከለው በመለኪያ ማሽን ላይ ነው እንጂ በጆሮ አይደለም።

አዲሶቹ፣ ኮመን ሬል የተባለው ስልት ያላቸው ፒካፖች ከዚህ የተለዩ ናቸው። በነርሱ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት 1600 ባርና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ሞተሩ ሲሠራ ቱቦውን የሚፈታ ሰው ነዳጁ ቆዳውን በስቶ ሊገባበት ይችላል፤ እንዲህ የተወጋም ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። በነዚህ ላይ ውሃ የሚለይ ፊልትሮ ከመጨመር በቀር የፓምፑም ሆነ የኮምፒዩተሩ ሥራ በወረዳ ጋራዥ አይነካ።

ለአሮጌዎቹ ፒካፖች ሥራው የሚታዘዝበት ጊዜ ደግሞ ከችንጋው ጋር ቢገጥም ይሻላል። የዋን ኤች ዜድ ችንጋ በ100,000 ኪሎ ሜትር የሚለወጥ ስለ ሆነ፣ በዚያው ጊዜ የፓምፑ ዘንግ ጐሚኒ ማፍሰስ አለማፍሰሱ አብሮ ይመርመር። ገፊው ፓምፕ የተገጠመበት ኪሎ ሜትር በመኪናው መዝገብ ይጻፍ፤ ነጂውም በክረምት በየሳምንቱ፣ በበጋ በየወሩ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ጧት፣ ከውሃ መለያው ሥር በብርጭቆ ቀድቶ ይመልከት። በብርጭቆው ሥር ውሃ ተለይቶ ከታየ፣ ናፍጣው ብቻውን እስኪወርድ ይፍሰስ፤ በዚያኑ ቀንም በርሜሉ ይመርመር።