ያደረ ቤንዚንና የማይነሳ ሣር ማጨጃ

አፕሪል በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከኖቬምበር ጀምሮ ጋራዥ ጥግ የቆመውን ሣር ማጨጃ ወደ ግቢ አውጥቶ ገመዱን ሳበ። አልተነሳም። ደግሞ ሳበ። ሃያ ጊዜ ያህል ከሳበ በኋላ ትከሻው ዛለ፣ ሸሚዙ በላብ ራሰ፣ ሣሩ ግን አንዲት ዘለላ አልጎደለበትም። ከአገር ቤት ሊጠይቁት የመጡት እናቱ በረንዳ ላይ ሆነው ሲመለከቱ ቆዩና «ለመሆኑ ላም የለህ፣ በሬ የለህ፤ ይህን ሁሉ የምታጭደው ለማን ነው?» አሉት።

ላም ባይኖርም ሕግ አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ በምትገኝበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ12 ኢንች፣ ማለትም ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ያደገ የግቢ ሣር ደንብ መጣስ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ ቤት የገዛ ሐበሻ ከቤቱ ቁልፍ ጋር ይህንንም ሥራ ይረከባል። ካውንቲው በቤንዚን የሚሠራውን የቅጠል መንፊያ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ከልክሏል፤ ክልከላው ሣር ማጨጃውን ግን አልነካውም። ስለዚህ ባለ አንድ ሲሊንደሩ፣ ከኋላ እየተገፋ የሚሄደው የቤንዚን ማሽን ዛሬም በብዙ ጋራዥ ውስጥ አለ።

ያን ቅዳሜ ማሽኑ መኪና ላይ ተጭኖ ጥገና ቤት ሄደ። ባለሙያው ካንዴላውን አልፈታም፣ ገመዱንም አልሳበም። የታንኩን ክዳን ከፍቶ አሸተተና ሳቀ። ቤንዚኑ ካለፈው ዓመት የተረፈ ነበር፤ ሽታውም ወደ ቀለም ቅብ ተለውጧል። ካርቡሬተሩን ለማጽዳት 120 ዶላር ተከፈለ። በኖቬምበር የጥቂት ዶላር ጥንቃቄ ቢደረግ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ይህ መመሪያ ከቢላዋውም ከዘይቱም በፊት ስለ ቤንዚን የሚያወራው ለዚህ ነው።

አሜሪካ ውስጥ በማደያዎች የሚሸጠው አብዛኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ተቀላቅሎበታል። ኤታኖል አልኮል ነውና እርጥበት ይስባል። ውኃው ሲበዛ ኤታኖሉን ይዞ ከቤንዚኑ ይለይና ታንኩ ሥር ይዘቅጣል፤ ወደ ካርቡሬተሩ ቀድሞ የሚወርደውም ያ ከሥር የተኛው ነው። ከላይ ደግሞ የቤንዚኑ ቀላል ክፍል ይተናል፤ የቀረው እየወፈረ ሄዶ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። በየሳምንቱ የሚነዳ መኪና ነዳጁን ሳያረጅ ይጨርሰዋል። የሣር ማጨጃው ካርቡሬተር ግን ነዳጅ የሚያሳልፈው የመርፌ ጫፍ በምታህል ቀዳዳ ነው፤ እዚያ ላይ ያረፈች ስስ ሙጫ ሞተሩን ለማስቆም ትበቃለች። በ1908 ሚልዋኪ ውስጥ የተመሠረተው ብሪግስ ኤንድ ስትራተን የተባለው ሞተር ሠሪ ቤንዚን በ30 ቀን ውስጥ ሊበላሽ እንደሚችል ደንበኞቹን ያስጠነቅቃል።

እንግዲህ ቤንዚን በትንሽ በትንሹ ይግዙ። ለመካከለኛ ግቢ አንድ ጋሎን ይዞ መመለስ ይሻላል እንጂ «ለበጋው በሙሉ» ብለው አምስት ጋሎን አይሙሉ። የገዙበትን ቀን ጀሪካኑ ላይ በማርከር ይጻፉ። ጀሪካኑን ሲያስሞሉ ከመኪናው የዕቃ መጫኛ አውጥተው መሬት ላይ ያስቀምጡት፤ መኪናው ውስጥ እንዳለ ከሞሉት የኤሌክትሪክ ብልጭታ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ማደያው ላይ 88 የሚል ቧንቧ አይተው ርካሽነቱ እንዳያታልልዎት። እሱ 15 በመቶ ኤታኖል ያለበት ነው፤ እንዲህ ላሉ ትንንሽ ሞተሮች መጠቀምም በሕግ የተከለከለ ነው። ተራው 87 ይበቃል።

የቤንዚን ማቆያ ፈሳሽ፣ ለምሳሌ ስታቢል የሚባለው፣ በየመኪና ዕቃ መደብሩ ይገኛል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ማቆያው ትኩሱን ያቆያል እንጂ ያረጀውን አያድስም። ቤንዚኑን በገዙበት ዕለት ጀሪካኑ ውስጥ ይጨምሩት። የጽሑፉ አቅራቢ በሁለተኛው ዓመት ማቆያውን ኖቬምበር ላይ ታንኩ ውስጥ ጠብ አድርጎ፣ ክዳኑን ዘግቶ፣ በኩራት ወደ ቤቱ ገባ። በማርች ማሽኑ እንደገና እምቢ አለ። ለምን ቢሉ፣ ማቆያው ታንኩ ውስጥ ቀረ፤ ካርቡሬተሩ ውስጥ የነበረው ያው ያልታከመው ቤንዚን ነው። ከጨመሩ በኋላ ሞተሩን አስነስተው አሥር ደቂቃ ያህል ያሠሩት፤ የታከመው ቤንዚን እስከ ካርቡሬተሩ የሚደርሰው ያኔ ነው። ይህንንም ውጭ፣ በአየር ላይ ያድርጉት፤ ጋራዥ ውስጥ ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው ገዳይ ነው።

ሌላው መንገድ ታንኩን አራግፎ ሞተሩን በራሱ ጊዜ እስኪጠፋ ማሠራት ነው። እንዲህም ሆኖ ካርቡሬተሩ ሥር ባለችው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጥቂት ጠብታ ይቀራል፤ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የሳህኗን ብሎን ላላ አድርገው ያፍስሱት። አቅራቢው ዛሬ የሚሠራው በሦስተኛ መንገድ ነው። ለዓመቱ የመጨረሻ አጨዳ በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠውን ኤታኖል የሌለበት ነዳጅ ይጠቀማል። ከማደያው ቤንዚን በብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ በዓመት አንዴ ግን ከጥገና ቤት ወረፋ ይሻላል።

ጊዜው አልፎ ካርቡሬተሩ ከተደፈነስ? መጀመሪያ የካንዴላውን ገመድ ይንቀሉ። ከታንኩ የሚመጣውን ቱቦ በመቆንጠጫ ያንቁ። ሌላ ነገር ከመንካትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ እነዚያ ትንንሽ ሽቦና ሞላዎች የት እንደነበሩ በኋላ የሚነግርዎ የለም። ሳህኗን ከሥር የያዘውን ብሎን ፈትተው ውስጧን በካርቡሬተር ማጽጃ ይርጩ። በአንዳንድ ሞተሮች ብሎኑ ራሱ የተበሳ ነው፤ ነዳጅ የሚያልፈው በዚያች ቀዳዳ ስለሆነ ወደ ብርሃን ይዘው ይመልከቱባት። ካልታየዎት ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር መዘው ቀስ ብለው ያሳልፉ። በምስማር ወይም በመሰርሰሪያ አይጎርጉሯት፤ አንዴ ከሰፋች ሞተሩ ሁልጊዜ ጥቁር እያጨሰ ቤንዚን ይጠጣል።

የሳህኗን ላስቲክ ቀለበትም አይናቁ። አቅራቢው አንድ ማታ አጣምሞ ገጥሞት ኖሮ፣ በማግስቱ ጋራዡ ቤንዚን በቤንዚን ሆኖ አገኘው።

ወደ ቢላዋው እንለፍ። የአሜሪካ ሕግ ከ1982 ጀምሮ በእንዲህ ያሉ ማሽኖች ላይ፣ ከእጀታው ጋር የሚጨበጠው ዘንግ ሲለቀቅ ቢላዋው በ3 ሰከንድ ውስጥ እንዲቆም ያስገድዳል። ያን ዘንግ በገመድ ከእጀታው ጋር አስረው የሚያጭዱ ሰዎች አሉ፤ እርስዎ ከእነሱ አይሁኑ። እርጥብ ሣር ሲደፍነውም እጅዎን ከሥር ለመስደድ ሦስት ሰከንድ መጠበቅ አይበቃም። የካንዴላውን ገመድ ይንቀሉ፤ ቢላዋውን በእጅ ሲያዞሩት ሞተሩ ሊነሳ ይችላልና።

ማሽኑን ሲያጋድሙ የአየር ማጣሪያውና ካርቡሬተሩ ያሉበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። በተቃራኒው ካጋደሙት ዘይቱ ወደ ማጣሪያውና ወደ ሲሊንደሩ ይፈስሳል፤ ሲያስነሱት ግቢው እንደ ዕጣን ቤት በነጭ ጭስ ይሞላል፣ ጎረቤትም እሳት የተነሳ መስሎት ይወጣል። ከመፍታትዎ በፊት የቢላዋው የትኛው ፊት ወደ መሬት እንደነበር ምልክት ያድርጉ፤ ተገልብጦ የተገጠመ ቢላዋ ሣሩን ይደበድበዋል እንጂ አይቆርጠውም። ሲሞርዱ የቀድሞውን ጋደል ያለ ስለት ተከትለው ይሂዱ፤ እንደ ምላጭ ማሳል አያስፈልግም። ከዚያ መሐል ቀዳዳውን ግድግዳ ላይ በተመታ ምስማር ያንጠልጥሉት። አንዱ ጫፍ ካዘቀዘቀ ያንኑ ትንሽ ይሞርዱለት፤ ሚዛን የሌለው ቢላዋ ሞተሩን ያንቀጠቅጣል። በየ25 ሰዓት ሥራው አንዴ ቢሞረድ ይበቃዋል። የደነዘ ቢላዋን ከሣሩ ጫፍ ይለዩታል፤ በማግስቱ ተሸርክቶ ነጣ ብሎ ይታያል።

የቀረው ቀላል ነው። ዘይቱን፣ ማሽኑ አዲስ ከሆነ፣ ከመጀመሪያው 5 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያ በየ50 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ ይቀይሩ፤ ግማሽ ሊትር ገደማ ይበቃዋል። የፈሰሰውን ዘይት ቦይ ውስጥ አይድፉ፤ ደርውድ የሚገኘው የሻዲ ግሮቭ ቆሻሻ ማስተላለፊያ ጣቢያ ይቀበላል። ካንዴላ በዓመት አንድ፣ የአየር ማጣሪያ ሲቆሽሽ።

ሲያጭዱም በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግቢዎች የተለመደው ፌስኪዩ የሚባለው ሣር ከ3 እስከ 4 ኢንች ቢቀር ይወዳል፤ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አይውሰዱ። አስቀድመው ድንጋይና የልጆች መጫወቻ ይልቀሙ፤ ቤንዚን መጨመር ካስፈለገ ሞተሩ ይቀዝቅዝ።

ይህን የሚያነቡት በረዶ ወርዶ ከሆነ፣ መጽሔቱን አስቀምጠው ወደ ጋራዥ ይውረዱና የታንኩን ክዳን ይክፈቱ። ውስጡ ካለፈው በጋ የተረፈ ቤንዚን ካለ፣ ዛሬውኑ ያራግፉት።