ምዕራፍ ሰባት፦ የማክሰኞ ማታ መርፌ

በቢቸናና በሞጣ መካከል፣ በሮብ ገበያና በዙሪያዋ የሚኖር ሰው የረቡዕን ነገር ከእኔ ይልቅ ያውቀዋልና ስለ ገበያው ግርግርም ሆነ ስለ ዋጋው መናር በማተት አንባቢዬን አላደክምም። የምናገረው ስለ ዋዜማዋ፣ ስለ ማክሰኞ ምሽት ነው፤ የሚያስፈልገውን ሳይለይ ገበያ የወጣ አባወራ የማያስፈልገውን ገዝቶ እንደሚመለስ፣ ባለቤቱም በዚያው ሳቢያ እስከሚቀጥለው ረቡዕ አኩርፋ እንደምትሰነብት በብዙ ቤት አይቻለሁና።

ምክሬ ይህ ነው። ማክሰኞ ማታ ራት ተበልቶ፣ ቡናው ተፈልቶ አቦሉ ሲቀርብ፣ የአባት ኮት፣ የእናት ቀሚስ፣ የልጆቹም የትምህርት ቤት ሱሪ ሳይቀር የቤቱ ልብስ ሁሉ ወደ መብራቱ ቀርቦ ይመርመር፤ ቁልፉ የወደቀው፣ ጫፉ የተተረተረው፣ ክርኑ የሳሳው ይለይ፤ ቢያንስ አንዱ በረካው ሳይጠጣ በዚያው ምሽት ይጠገን። ክር ካለቀ የቀለሙ ናሙና፣ ቁልፍ ከጠፋ አምሳያው በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ ይደር፤ በማግሥቱም ከገበያ የሚገዛው እርሱ ይሁን።

መርፌውን ማን ይያዝ ቢሉ፣ ወንዱ ልጅ ይያዝ እላለሁ። ይህን ስል የሚስቁብኝ አሉ፤ ነገር ግን የሚስቁት ሰዎች የለበሱትን ጋቢ የሸመነው ወንድ፣ ሱሪያቸውን በሲንጀር የሰፋላቸውም ወንድ መሆኑን ልብ አላሉትም። በዚሁ በአገራችን በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ሲቆጥሩ የኖሩ ደቀ መዛሙርት፣ ከእናታቸው ጓዳ ርቀው፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ ለምነው ሲያድሩ፣ የተቀደደ ደበሎአቸውን ማን ጠቀመላቸው? በገበያ መካከል ወንድ ሲሠራው እንጀራ የሆነ ጥበበ እድ በቤት ውስጥ ሲሆን ነውር የሚሆንበትን ምክንያት አበው አላስተማሩኝም። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፤ ዐዋጁ ግን እስካሁን ወደ ጓዳችን የገባ አይመስለኝም።

ወደ ሥራው ስንመለስ፣ ክሩ ከአንድ ክንድ አይብለጥ፤ ከዚያ የረዘመ ይጠማዘዛል፣ ይቋጠራል፣ የጀማሪንም ትዕግሥት ይፈጃል። ከመስፋት በፊት ክሩን በሰም ቁራጭ፣ ሰም ባይገኝ በተረፈ የጧፍ ጉማጅ ላይ ሁለት ጊዜ ቢስቡት ይለሰልሳል፣ ይጠነክራልም። ቁልፍ ሲሰፋ በቁልፉ አናት ላይ፣ ከክሩ ሥር አንድ ስንደዶ ይጋደም፤ ክሩ በቀዳዳዎቹ ተመላልሶ ካበቃ በኋላ ስንደዶዋ ትሳብና የላላው ክር በቁልፉ ሥር ሦስት አራት ጊዜ ተጠምጥሞ ይቋጠር። ይህች ትንሽ ክፍተት ባትኖር የኮቱ ወፍራም ጨርቅ መግቢያ አጥቶ ቁልፉን በሳምንቱ ይበጥሰዋል። ጫፍ መዘምዘም በልምድ ይመጣል።

እራፊ መጣፍ ግን ትምህርት ይፈልጋል። እራፊው ከቀዳዳው በዙሪያው አንድ ጣት ያህል ይብለጥ፤ ድሩ ከልብሱ ድር፣ ማጉም ከልብሱ ማግ ጋር ይግጠም፤ ያለዚያ ሲታጠብ ይጨማደዳል። አዲስ አቡጀዲ ከሆነ አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ተነክሮ ይድረቅ። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 9 ስለ አዲስ እራፊና ስለ አሮጌ ልብስ የሰጠውን ምሳሌ መምህራን አመሥጥረው ያስተምሩታል፤ ምሥጢሩን ለሊቃውንት ትቼ በቁሙ ብወስደው እንኳ የልብስ ሰፊ ትምህርት ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ውሃ ያልነካው ጨርቅ ሲታጠብ ይሰበሰባልና የሳሳውን አሮጌ ስቦ ይቀደዋል።

በዚህ ምሽት ከስፌቱ ሌላ የሚገኝ ትርፍ አለ። «እምዬ፣ ክሩን ላግባልሽ?» ይላል ትንሹ ልጅ፤ አያቲቱም እንዝርቷን አስቀምጣ «አግባልኝ የኔ ጌታ፣ ዐይኔማ ከድቶኛል» ትለዋለች። እጅ በሥራ ሲያዝ አፍ ይፈታልና እንቆቅልሽ ይጀመራል፤ መልሱን ያጣችው እኅት «አገር ስጪኝ» ስትባል ሞጣን ትሰጣለች፣ ተቀባዩም «ሞጣን አልፈልግም፣ ባሕር ዳርን ስጪኝ» ብሎ ይሟገታል። ቴሌቪዥን በተከፈተበት ቤት ይህ አይሰማም።

የስፌት መኪና ለመግዛት የምትቸኩሉ ግን ይህን ስሙ። የማውቃቸው አንድ የቢቸና ሰው ልጃቸው ስፌት ትማር ብለው ጊደር ሸጠው ባለፔዳል ሲንጀር ገዙ። አሜሪካዊው አይዛክ ሲንጀር የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1851 ነውና መኪናው የተፈተነ ነው፤ ጉድለቱ ከእርሱ አልነበረም። ልጅቱ መርፌ በእጇ ይዛ ስለማታውቅ የላይኛው ክር ሲጠብቅ፣ የታችኛው ሲላላ፣ ምክንያቱን መለየት አልቻለችም፤ መርፌው ተሰበረ፣ ጠፍሩ ደረቀ፣ መኪናውም ጥልፍ ለብሶ የራዲዮ ማስቀመጫ ሆነ። ጊደሯ በገዛት ጎረቤት ቤት ወልዳ ስትታለብ አባትየው በአጥር በኩል ያዩ ነበር። በእጁ አንድ የትራስ ልብስ ሰፍቶ ያልጨረሰ ሰው መኪና አይግዛ።

ሰልባጅ ተራ ሳልፍ የሚያበሳጨኝም አለ። ጉልበቱ ላይ ሆን ተብሎ የተቀደደ ሱሪ በውድ ዋጋ የሚገዛ ወጣት፣ እናቱ በጥንቃቄ የጣፈችለትን ደህና ሱሪ ለብሶ ትምህርት ቤት መሄድ ያፍራል። ለቀዳዳ ገንዘብ እየከፈልን ለጥገና የምናፍር ሰዎች ሆነናል፤ ስለ ኑሮ ውድነት ስናማርር ግን የሚቀድመን የለም።

አሁን ወደ ጓሮው እንውጣ፤ ረቡዕ ጾም ነውና። ከበዓለ ሃምሳ በቀር፣ ልደትና ጥምቀትም ካልዋሉበት፣ ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ ይጾማሉ፤ 55 ቀን ዐቢይ ጾምም አለ። እመቤቲቱ ከገበያ ደክማ ስትገባ ወጥ የሚሆን ነገር ከደጇ ካላገኘች፣ ከዚያው ከገበያ የጠወለገ ጎመን ተሸክማ መመለሷ ነው። የሐበሻ ጎመን መገኛው ይህችው አገራችን ሆና ሳለ ጎመን ከገበያ መግዛት ለእኔ የሀኬት ምልክት ነው።

ለስድስት ሰው ቤት ከማጀት በስተኋላ ያለች አንዲት መደብ ብዙ ትረዳለች። ዘሩ በስሱ ይዘራ፤ ችግኙ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ አንድ ክንድ ያህል እየተራራቀ ይዛወር። ፍጉ የበሰበሰ ይሁን፤ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ቅጠል ሲቀጠፍ ከታች ይጀመር፣ ቀንበጧ አትነካ። ክሽክሽ ሲወርደው ጤዛው ሳይደርቅ ጥቂት አመድ ይነስነስበት፤ ጥቂት ማለቴ አመድ ሲበዛ አፈሩን ስለሚጎዳ ነው። ዶሮ ካለ አጥር ይኑር። ከሁሉ የጠኑት ግንዶች ሳይቀጠፉ ያብቡና ዘር ይያዙ፤ ጎመን ዘሩ ለሚቀጥለው ዓመት ይሆናል፣ የተረፈውም ተወቅጦ ምጣድ ያሰልሳል። ውሃ ማጠጣት የአባት ድርሻ ይሁን፤ ማታ ማታ ወደ ጠላ ቤት ከሚወስደው መንገድ ጓሮው ይቀርባል።

ዚፑ የተበላሸ ሱሪና ገበሩ የተቀደደ ኮት ከማክሰኞ ምሽት ዐቅም በላይ ናቸውና ረቡዕ በማለዳ፣ ወረፋ ሳይበዛ፣ ለልብስ ሰፊው ይሰጡ፤ ዋጋው አስቀድሞ ይነገር፣ ኪሱም ይፈተሽ። ማክሰኞ የሚካኤል ወይም የማርያም ዕለት ሆኖ ከዋለ መርፌው ሰኞ ማታ ይያዝ።