ከዱባይ ፓቪሊዮን እስከ ደጀን አፋፍ፦ የዘላቂ ከተማ ትርኢት የሚለካውና የሚያመልጠው

መቀመጫው ፓሪስ የሆነው ዓለም አቀፍ የኤግዚቢሽኖች ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳለፈው ውሳኔ፣ የዓለም ኤክስፖዎች የዘመኑን ኅብረተሰብ ጥያቄ የሚዳስስ መሪ ሐሳብ ይዘው እንዲዘጋጁ ጠይቋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የተካሄደው የሻንጋይ ኤክስፖ «የተሻለ ከተማ፣ የተሻለ ሕይወት» በሚል መሪ ሐሳብ፣ «ኤክስፖ 2020» የተባለው የዱባይ ትርኢት ደግሞ ዘላቂነትን ከሦስት ንዑስ ርእሶቹ አንዱ በማድረግ የከተማንና የአየር ንብረትን ጉዳይ ፊት ለፊት አቅርበዋል። ይህ ጽሑፍ በሁለቱ ኤክስፖዎች የታዩ ፓቪሊዮኖችን መለኪያ በምሥራቅ ጎጃም ዞን ከምትገኘው የደጀን ከተማ ሁኔታ ጋር ያስተያያል። መከራከሪያው አንድ ነው፤ ፓቪሊዮን ዘላቂነትን በአብዛኛው የሚለካው በአንድ ሕንጻ የኃይልና የውኃ ሚዛን ሲሆን፣ የደጋማ ትንሽ ከተማ ዘላቂነት ግን የሚወሰነው በተቀመጠችበት ተዳፋት ነው። ጉዳዩ የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2027 የሚካሄደውን 32ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ (ኮፕ 32) በአዲስ አበባ እንድታስተናግድ ተመርጣለች፤ ስለዚህ ስለ ከተሞቿ ምን እንደምታሳይ የሚወሰንበት ጊዜ ቅርብ ነው።

የዱባይ ኤክስፖ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አንድ ዓመት ዘግይቶ ከመስከረም 21 እስከ መጋቢት 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ተካሄደ። የዘላቂነት ዋና ማሳያው «ቴራ» የተባለው ፓቪሊዮን ነበር። የእንግሊዙ ግሪምሾ የአርክቴክቶች ድርጅት በነደፈው በዚህ ሕንጻ ላይ የተዘረጋው 130 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክዳን 1,055 የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎችን ተሸክሟል። በግቢው የቆሙት 18 «የኃይል ዛፎች» ደግሞ የፀሐይን አቅጣጫ እየተከተሉ ይዞራሉ። ሕንጻው በዓመት 4 ጊጋ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ፣ ውኃውንም ከአየር እርጥበትና ያገለገለውን አጣርቶ ከመጠቀም እንዲያገኝ ታስቦ ተሠርቷል። ጎብኚው በውስጡ ከደን ሥርና ከውቅያኖስ በታች እንደሚያልፍ ሆኖ ይጓዛል። ለበረሃ ከተማ ይህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄና ተገቢ መልስ ነው።

በዚያው ኤክስፖ ከቴራ ያነሰ ዝና ያገኘው የኔዘርላንድስ ፓቪሊዮን ግን ለኢትዮጵያ ከተሞች የበለጠ ይቀርባል ማለት ይቻላል። ግድግዳው የቆመባቸው የብረት ንጣፎች በኪራይ የተወሰዱና ከትርኢቱ በኋላ ወደ ግንባታው ገበያ የሚመለሱ ነበሩ። እዚህ የቀረበው ጥያቄ ሕንጻው ምን ያህል ኃይል ያመነጫል የሚል ሳይሆን፣ ሲፈርስ ዕቃው ወዴት ይሄዳል የሚል ነው።

ሻንጋይ ከዚህም አንድ እርምጃ ርቆ ነበር። «የከተሞች ምርጥ ተሞክሮ ሠፈር» በተባለው ክፍል አሳዮቹ መንግሥታት ሳይሆኑ ከተሞች ነበሩ። የሐምቡርግ ቤት በጣም ጥቂት ኃይል የሚፈጅ የሕንጻ አሠራርን ያሳየ ሲሆን፣ የቻይናዋ ቼንግዱ ያቀረበችው ግን ቤት አልነበረም፤ የወንዝ ውኃ በኩሬዎችና በረግረግ ዕፅዋት ውስጥ እያለፈ የሚጣራበትን መናፈሻዋን ነበር። ለትንሽ ከተማ ጥናት የሚረባው ይህ አቀራረብ ነው፤ ከተማን ከወንዟ ነጥሎ አላየም።

ኢትዮጵያ በእነዚህ መድረኮች እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1967 በሞንትሪያል ድንኳን መሰል ፓቪሊዮን አቁማለች፤ በሻንጋይ 42 አገሮችን ባሰባሰበው የአፍሪካ የጋራ ፓቪሊዮን፣ በ2015 ደግሞ በሚላኖ በቡና አምራቾች ክፍል ተሳትፋለች። በዱባይ ጎልተው የወጡት የድንቅነሽ (ሉሲ) ቅጂና ቡና ነበሩ። የኤክስፖው ግቢ እ.ኤ.አ. በ2023 ኮፕ 28ን ሲያስተናግድም የኢትዮጵያ ፓቪሊዮን አረንጓዴ ዐሻራን አስቀደመ። «ምድረ ቀደምት» የሚለው ምስል ለቱሪዝም ያገለግላል። ስለ ከተማና አየር ንብረት በሚነገርበት አዳራሽ ግን ጎብኚው ከኢትዮጵያ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ይኖረዋል፤ ብዙ ሰው ገና በገጠር በሚኖርባት አገር የነገው ከተሜ የት ይሠፍራል? የመልሱ አንዱ ክፍል እንደ ደጀን ያሉ ከተሞች ናቸው።

ደጀን ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ተቀምጣለች። ከማዶዋ ከጎሐ ጽዮን የሚያገናኛት መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። በታች እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን ድጋፍ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ አለ። የገደሉ ግድግዳ ከላይ ባዛልት፣ ከዚያ በታች የኖራ ድንጋይ፣ ጂፕሰምና አሸዋማ ድንጋይ እየተደራረበ የተሠራ ነው። ጂፕሰሙና አብሮት ያለው ለስላሳ ድንጋይ ውኃ ሲገባቸው ይዳከማሉ፤ መንገዱን በየክረምቱ የሚያሰጋው ናዳ አንዱ ምክንያቱ ይህ ነው። የኖራ ድንጋዩ በበኩሉ የሲሚንቶ ፋብሪካ ወደ አካባቢው ስቧል። ከሲሚንቶ ምርት ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ በላዩ ከነዳጅ ሳይሆን ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ መቃጠል የሚመጣ በመሆኑ፣ የኔዘርላንድስ ፓቪሊዮን ያነሳው የግንባታ ዕቃ ጥያቄ ለደጀን የሩቅ ወሬ አይደለም።

የቴራ መለኪያ በዚህ አፋፍ ላይ ሲቀመጥ ሁለት ቦታ ይሰነጠቃል። አንደኛው ኃይል ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ ስለሆነ ኤሌክትሪኩን ማንጻት ቀዳሚ ሥራ አይሆንም፤ ችግሩ ምድጃውን ወደ ኤሌክትሪክ ማምጣት ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ የሠፈሩ ትራንስፎርመርና የቤቱ ገመድ ይህን ካልቻሉ ቤተሰቡ ወደ ማገዶ፣ ከሰልና ኩበት ይመለሳል። ኩበቱም ለማሳው ፍግ ይሆን የነበረ ነው። የጣሪያ የፀሐይ ሰሌዳ አምፖልና ስልክ ያስችላል፤ ምጣድ ማስቻል ግን ይከብደዋል።

ሁለተኛው ውኃ ነው። ዱባይ ውኃን ከአየር ትጨምቃለች፤ ደጀን ግን በክረምት ከሚፈልጋት በላይ ይወርድባትና በበጋ ትጠማለች። የቆርቆሮ ክዳን ይህን ያባብሰዋል። ስፋቱ 50 ካሬ ሜትር በሆነ ክዳን ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1,000 ሊትር ውኃ ይሆናል፤ እንዲህ ያሉ 1,000 ቤቶች በአንድ ዝናብ 1,000 ሜትር ኩብ ያወርዳሉ። አሸንዳና ቦይ ከሌለው ይህ ውኃ በዋልካ አፈር ላይ ቦረቦር እየቆፈረ ወደ ገደሉ ይሄዳል፤ የሚያጥበው አፈርም በዓባይ በኩል ወደ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ይወርዳል። እዚህ ላይ ቴራ ሳያስበው አንድ ነገር ያስተምራል፤ ክዳን መጠለያ ብቻ ሳይሆን መሰብሰቢያም ነው። ልዩነቱ የደጀን ክዳን አስቀድሞ ተሠርቶ ያለቀ መሆኑ ነው። የጎደለው አሸንዳው፣ ሮቶው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአጥር ውጭ ውኃው የሚተላለፍበት የጋራ ቦይ ነው። ቦይ በአንድ ቤት ወሰን ስለማያበቃ ሕንጻን ብቻ የሚለካ ትርኢት አያየውም።

ስለዚህ ለኮፕ 32 ስለ ትንሽ ከተማ የሚዘጋጅ ማሳያ ቢኖር፣ የሕንጻ ሞዴል ከመሆን ይልቅ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የሸለቆ ቁርጥ ቢሆን የተሻለ ነው። ጎብኚው ከአንዱ አፋፍ ተነሥቶ ወይና ደጋውን አልፎ ቆላው ድልድይ ላይ ይደርሳል፤ በማዶው ሲወጣ ከደጀን ጣሪያዎች የወረደው ውኃ በየት እንዳለፈና ምን ይዞ እንደሄደ ያያል። አገሬው ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ እያለ የከፈለው የአየር ንብረት ለዚህ ተጨማሪ ማብራሪያ አያሻውም። ሞዴሉ እንዲታመን ግን ቢያንስ የአንድ ሙሉ ክረምት የፍሰትና የአፈር ልኬት ይፈልጋል፤ ልኬቱም መጀመር ያለበት በሰኔ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር ነው።